የትንፋሽ ቦታ

በግሪኮች ዘመን አቈጣጠር በሰባት መቶ ሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ የአዳር ወር ተገባዶ ኒሳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ የባሊኽ ወንዝ ከወትሮው ቀድሞ ሞላ፤ በቤት ሩማና ከተማ የታችኛው ሰፈር የሮማን ዛፎች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ቆሙ፤ ከሐራን የመጡ ነጋዴዎችም መሻገሪያ አጥተው ግመሎቻቸውን ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር አሳርፈው ሰነበቱ። ሐራን ያን ጊዜ ገና ለጨረቃ የምትሰግድ ከተማ ነበረች፤ ነጋዴዎቿም እጃቸው ሥራ ሲፈታ ምላሳቸው የማያርፍ ሰዎች ነበሩ። ነገሩ የተጫረው በእነርሱ ነው።

ወራቱ ዐቢይ ጾም ስለ ነበር የኪዳን ሴቶች በየቀኑ ከሠርክ ጸሎት አስቀድመው የፋሲካን መዝሙር ይለማመዳሉ። የኪዳን ሴቶች የሚባሉት ባል ላለማግባት ቃል ገብተው፣ ሱፍ እየፈተሉና እየሸመኑ በእጃቸው ሥራ የሚኖሩ ናቸው፤ ኑሯቸው ከድሃ ኑሮ ባይሻልም በበዓል ቀን ከሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆመው የሚዘምሩት እነርሱ ናቸው፤ ይህ ክብር በእኛ አገር ለባለጸጋ ሚስትም፣ ለመኰንን ልጅም አይሰጥም። ቤቷ ውስጥ ባሏን የምታንቀጠቅጥ እመቤት በቤተ ክርስቲያን ድምፅዋ አይሰማም፤ የሸማኔዋ የታታይ ድምፅ ግን ወንዙን ተሻግሮ ይሰማ ነበር።

የእነዚህ ሴቶች አለቃ ሸልማት ትባላለች። ጠጕሯ የነጣ፣ ጕልበቷን ቍርጥማት የያዘው፣ ነገር ከጀመረች ግን ሳትጨርስ የማትቀመጥ ሴት ነበረች። ዲያቆናዊትም እርሷው ናት፤ በፋሲካ ሴቶች ሲጠመቁ ልብሳቸውን አውልቀው ወደ ገንዳው ስለሚወርዱ፣ ጳጳሱ አናታቸውን ብቻ በዘይት ቀብቶ ይተዋቸዋል፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ መላ ሰውነታቸውን የምትቀባው፣ እጃቸውን ይዛ ውኃው ውስጥ የምታቆማቸው፣ ሲወጡም ነጭ ልብስ የምታለብሳቸው ሸልማት ነበረች። ሴቲቱ ከመጥለቋ በፊት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «ሩሓ ሳቢ» ትላታለች። ሩሓ በእኛ ቋንቋ ትንፋሽም ነው፤ ነፋስም ነው፤ መንፈስም ነው። ሴቶቹም የትኛውን ማለቷ እንደ ሆነ ሳይጠይቁ ደረታቸውን ሞልተው ይስባሉ፤ ይጠልቃሉ።

ሩሓ ደግሞ በእኛ ቋንቋ ሴት ናት። ይህን የወሰነ ጉባኤ የለም፤ አባቶቻችን አፋቸውን ሲፈቱ እንዲሁ አገኟት እንጂ። ስለዚህ በፋሲካ ማለዳ፣ ተጠማቂዎቹ ወደ ገንዳው ሲወርዱ፣ ሴቶቹ «ወረደች መንፈስ ቅዱስ በውኃው ላይ» እያሉ ይዘምሩ ነበር፤ የአያቶቻቸውም አያቶች እንዲሁ ዘምረዋል።

ሸልማት ይህን መስመር የተማረችው ከእናቷ አፍ ነው። ቸነፈር በገባበት ዓመት እናቷ ምንጣፍ ላይ ተኝታ፣ ልጇ እንዳትጠጋት በእጇ እየከለከለች፣ «አትፍሪ፤ እኔ ብሄድ እርሷ ትወርድልሻለች» አለቻት፤ በማግስቱም ሞተች። የኪዳን ሴቶች ሕፃኗን ወስደው አሳደጓት። እንግዲህ ለሸልማት ያቺ አንዲት ቃል የሰዋስው ጕዳይ አልነበረችም፤ እናቷ የተወችላት ርስት እርሷ ብቻ ነበረች።

ያን ሰሞን ታዲያ ከግንቡ ሥር የሰነበተ አንድ የሐራን ነጋዴ መዝሙሩን በመስኮት ሲሰማ ከረመ፤ በገበያ ቀንም ጳጳሱን ማር ባርላሃን፣ ማር በእኛ ቋንቋ ጌታዬ ማለት ነው፣ መንገድ ላይ አግኝቶ፣ ሰው እየሰማ፣ እናንተም እንደ እኛ እናት አምላክ አለቻችሁ እንዴ፤ ታዲያ የእኛዋን ስለምን ትሰድባላችሁ፤ ደግሞስ እንደ እኛዋ መቅደስ ቅዱስ ዓሣ የሚዋኝበት ኵሬዋን ወዴት ደበቃችኋት ብሎ ጠየቃቸው። ገበያው በሳቅ ተናጋ። ሽንኵርት ሻጮቹ ክርስቲያኖቹ ሳይቀሩ ሳቁ።

ማር ባርላሃ ከተሾሙ ዓመት ያልሞላቸው፣ በአንጾኪያ ከግሪኮች ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ጢማቸው ገና ያልሸበተ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል፤ በረሃብ ጊዜ የራሳቸውን ስንዴ አውጥተው ያበሉ ናቸው። ነገር ግን ሰው ከሚስቅባቸው ቢደበደቡ የሚመርጡ ነበሩ፤ በዚያ ቀን ፊታቸው እንደ ሮማን ቀልቶ ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ሸልማትንም አስጠሩ።

«እናት ሸልማት፣ ያ የሐራን ሰው በገበያ መካከል ያለኝን ሰምተሻል?» አሉ ጳጳሱ።

«ሰምቻለሁ፣ አባታችን። ከተማው ሁሉ ሰምቷል።»

«እንግዲያው ነገሬ አጭር ነው። ከዚህ ፋሲካ ጀምሮ "ወረደ" ተብሎ ይዘመራል። በግሪኮቹ ዘንድ መንፈስ ሴት አይደለም፤ እኛ ብቻ ነን ለአረማዊ መሳቂያ የሆንነው።»

«አባታችን፣ ቃልም እኮ በቋንቋችን ሴት ናት። አሮጌው ወንጌል "ቃል ሥጋ ሆነች" እያለ ሲነበብልን ኖሯል፤ ጌታችንን ሴት ነው ብሎ የተሳሳተ ሰው ግን አላየሁም» አለች ሸልማት።

«እርሱንም እያረምነው ነው» አሉ ጳጳሱ።

ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በትልልቆቹ ከተሞች ሴት በቤተ ክርስቲያን እንድትዘምር የማይወዱ አባቶች ብዙ መሆናቸውን፣ እርሳቸው እስካሁን ስለ ቤት ሩማና ሴቶች ሲከራከሩላቸው መቆየታቸውን፣ ከእንግዲህ ግን ሴቶቹ ቃሉን ካልለወጡ መዝሙሩን ለዲያቆናቱ ሰጥተው እነርሱን ከሕዝቡ ጋራ ዝም ብለው እንዲቆሙ እንደሚያደርጓቸው ነገሯት። ሐሰት አልነበረም፤ በእርግጥም ተከራክረውላቸዋል። ሸልማት እጅ ነሥታ ወጣች።

በፈትል ቤት ሴቶቹ ወሬውን ሲሰሙ እንዝርቱ ሁሉ ቆመ። አንዷ አለቀሰች፤ አንዷ ሐራንን ከነጨረቃዋ ረገመች። ታታይ ግን ተነሥታ ቆመች። ታታይ ከሁሉ ወጣት ናት፤ አባቷ በግድ ሊድራት ሲል አምልጣ የመጣች ናትና እምቢ ማለትን ከእርሷ የሚበልጥ የሚያውቅ አልነበረም።

«ተነሥተን እንውጣ» አለች። «ያለ እኛ ዘምረው ያሳዩን እስቲ። ዲያቆን ሁሉ ሲዘምር የታነቀ ፍየል ነው የሚመስለው።»

«ዘምረው ያሳዩናል፣ ልጄ» አለች ሸልማት። «የምፈራውም ይህንኑ ነው። አንድ ፋሲካ ያለ እኛ ካለፈ፣ በሚቀጥለው የሚያስታውሰን አለ? አስቀያሚ ዘፈንም ቢሆን ሰው ይለምደዋል።»

«እና ቃሉን ልንለውጥ ነው? አንቺ ራስሽ? እናትሽን እኮ ነው የምትለውጫት፣ እማ ሸልማት።»

ሸልማት አልተቈጣችም፤ እንዝርቷን አንሥታ መፍተል ጀመረች፤ ክሩ ግን ደጋግሞ ተበጠሰባት። በመጨረሻ ለሴቶቹ፣ እርሷ በሕይወት እያለች ከዚያ ስፍራ የሚያወርዳቸው እንደሌለ፣ እንዴት እንደምታደርገው ግን ገና እንደማታውቅ ነገረቻቸው። ታታይም አንቺ ቃሉን ከለወጥሽ እኔ አልዘምርም ብላ ወጣች።

እንግዲህ ሊነገር የሚገባው፣ የቃሉ መለወጥ ከእምነቱ ይልቅ በዜማው ላይ የከፋ መሆኑ ነው። በእኛ ቋንቋ «ወረደች» የምትለው ቃል ከ«ወረደ» በአንድ ምት ትረዝማለች፤ መዝሙራችን ደግሞ በምት የተሰፋ ስለ ሆነ አንዱ ሲጐድል መስመሩ እንደ አንካሳ ያነክሳል። ሴቶቹ ቢሞክሩት አነከሰ፤ ዲያቆናቱ ቢሞክሩት ጭራሽ ወደቀ። ያን ጊዜ ሊቀ ዲያቆናት ዘቢና፣ ለሁሉ ነገር መፍትሔ አላጣም ብሎ የሚያምን ሰው፣ ጐዶሎውን በ«ሃ» እንሙላው አለ። «ሃ» ማለት እነሆ ማለት ነው። «ወረደ ሃ መንፈስ ቅዱስ» ይባል፤ ምቱም ይሞላል፤ ነገሩም ያምራል ብሎ ጳጳሱን አሳመነ፤ በሆሣዕና ቀን በሕዝብ ፊት እንዲሞከርም ተቈረጠ።

ዘቢና የካህን ልጅ ሆኖ በመጻሕፍት መካከል ያደገ ስለ ነበር አንድ ነገር ዘነጋ፤ በቤት ሩማና አህያ የሚነዳው «ሃ» እየተባለ ነው።

ሆሣዕና ደረሰ። ሕዝቡ የወይራና የዘንባባ ዝንጣፊ ይዞ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላ፤ ለዑደቱ የተዘጋጀችው አህያ ምንጣፍ ተነጥፎባት በሴቶቹ በር ደጃፍ ቆማ ነበር። የኪዳን ሴቶች በታዘዙት መሠረት ድምፃቸውን አንሥተው «ወረደ ሃ» ሲሉ፣ አህያይቱ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ አንድ እርምጃ ቀረበች። የመዝሙሩ ሁለተኛ ቤት ላይ ሲደርሱ የበሩን ደፍ አለፈች። በሦስተኛው፣ ከነምንጣፏ፣ ማንም ሳይነዳት፣ በሕዝቡ መካከል ሰንጥቃ ወደ ንባቡ መድረክ አመራች። ሰው ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አልቻለም። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም መንገድ ልቀቁላት፣ ተጠርታ ነው የመጣች አለ።

ማር ባርላሃ ግን አልሳቁም። በገበያ የተሳቀባቸው ሳይበርድላቸው አሁን በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ተሳቀባቸው፤ አህያይቱንም ሴቶቹ ሆነ ብለው ያመጧት መሰላቸው። በዚያው ቀን ከመድረኩ ላይ፣ የፋሲካን መዝሙር ዲያቆናቱ እንደሚዘምሩት፣ የኪዳን ሴቶችም ከእንግዲህ ከሕዝቡ ጋራ በዝምታ እንደሚቆሙ ተናገሩ። ሕዝቡ አጕረመረመ፤ ነገር ግን ወደ ምሳው ሄደ። ሸልማት ሰው እንዴት በቶሎ ወደ ምሳው እንደሚሄድ ቆማ አየች፤ የፈራችውም ይህንኑ ነበርና ልቧ ቈረጠ።

በጸሎተ ሐሙስ ጧት፣ ጳጳሱ የሚባረከውን ዘይት ሲመረምሩ ሳለ፣ ሸልማት ወደ ጥምቀት ቤቱ ገባች። እጅ ነሣች፤ እንድትቀመጥ ቢነግሯትም አልተቀመጠችም።

«አባታችን፣ ለይቅርታ አልመጣሁም። አህያይቱን ወደ ውስጥ የጠራት የማን "ሃ" እንደ ሆነ ሊቀ ዲያቆናት ዘቢና ያውቃል፤ የሚናገረው ከሆነ» አለች። «የመጣሁት ስለዚህ ዘይት ነው። በፋሲካ ማለዳ ሴቶቹን ከመጋረጃው ጀርባ ማን ይቀባቸዋል?»

ጳጳሱ በመገረም አዩዋት። «አንቺ ነሻ! ሌላ ማን?»

«እኔ ወደዚህ ውኃ ስወርድ የኖርኩት ሴቶቹ ሲዘምሩ እየሰማሁ ነው። የፈራችን ሴት እጇን ይዤ ሳቆም የእነርሱ ድምፅ ነው የሚያቆመን፤ እርሷንም እኔንም። በዚህ ፋሲካ ካልሰማሁት እጄ ዘይቱን አይነካም።»

ጳጳሱ የምትለው እንደ ገባቸው ፊታቸው ላይ ታየ፤ ሴት ዲያቆናዊት ከሌለች የተራቈተችውን ሴት ወንድ ሊቀባ አይችልም፤ ባሎቹ አይፈቅዱም፤ ሥርዓቱም አይፈቅድም፤ እንግዲህ በዚያ ዓመት ሴት አትጠመቅም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ወሬ አንጾኪያ ቢደርስ ከሐራኑ ሳቅ የከፋ ነበር።

«በእግዚአብሔር ውኃ ልትነግጂብኝ ነው?» አሉ፤ ድምፃቸው ከቍጣ ይልቅ ሐዘን ነበረበት።

«ልነግድ አልመጣሁም፤ ልሰጥዎት ነው የመጣሁ» አለች ሸልማት። «"ወረደ" እንላለን። ቃሉን ወስደዋል፤ ይውሰዱት። እናቴ በዚያ ቃል ነው የሞተችው፤ እኔ ግን ሴቶቹ ዝም ከሚሉ እርሱ ይቅርብኝ። አንድ ነገር ብቻ ይተዉልን፤ ምቱ የጐደለበትን ቦታ። "ሃ"ም ሌላም ነገር አይግባበት። ለእኛ ይተዉልን።»

«ባዶውን ምን ልታደርጉበት ነው?»

«ቃል አናስገባበትም። ይህን ቃል እገባልዎታለሁ።»

ማር ባርላሃ ወደ ዘይቱ ተመልሰው «ይሁን» አሉ። ያሸነፉ መስሏቸው ነበር፤ በመጻሕፍት ዓይን ሲታይም አሸንፈዋል።

የፋሲካ ጎሕ ቀደደ። ወንዙ ጐድሏል፤ የሐራን ነጋዴዎችም ሄደዋል። ከመጋረጃው ጀርባ የሚጠመቁት ሴቶች ብርድና ፍርሃት እያንቀጠቀጣቸው ተሰልፈዋል፤ ፊተኛይቱ በወፍጮ ቤት ባሪያ ሆና የኖረች፣ ጀርባዋ የጅራፍ ሰንበር የሞላበት ሴት ነበረች። ሸልማት ዘይቱን በመዳፏ አሙቃ ሰንበሩን አንድ በአንድ እየተከተለች ቀባቻት፤ ሴቲቱም በዚያ ጀርባ ላይ ያለ ክፋት ያረፈ የሰው እጅ አታውቅምና አለቀሰች። ተያይዘው ወደ ገንዳው ወረዱ። ጳጳሱ ከመጋረጃው ወዲህ ሆነው እጃቸውን ወደ ውኃው ዘርግተው ቆሙ።

የኪዳን ሴቶች በስፍራቸው ቆመዋል። ታታይም መጥታለች፤ አፏን ግን ገጥማ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ በዳር ቆማለች። ሴቶቹ ጀመሩ፤ «ወረደ» አሉ፤ የጐደለው ምት ላይ ሲደርሱም ሁሉም በአንድነት፣ ደረታቸውን ሞልተው፣ በሚሰማ ድምፅ ትንፋሽ ሳቡ።

ሌላ ምንም አላደረጉም። ግን ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ሰማው። ነፋስ በር ከፍቶ የገባ የመሰላቸው ሰዎች ዞር ብለው ወደ ደጃፉ አዩ። ከዚያ ትንፋሽ ላይ ሴቶቹ «መንፈስ ቅዱስ በውኃው ላይ» ብለው ቀጠሉ፤ መስመሩም አላነከሰም፤ ምቱ ሙሉ ነበር።

ሸልማት ዐርብ ዕለት በፈትል ቤት ሰብስባ የነገረቻቸው ይህን ብቻ ነበር፤ አሮጌዋ ቃል የነበረችበት ቦታ ላይ ስትደርሱ፣ እኔ በውኃው ውስጥ ለሚጠልቁት የምላቸውን አድርጉ። አሁንም መዝሙሩ ተመልሶ ወደዚያ ቦታ ሲደርስ፣ ወደ ወፍጮ ቤቷ ሴት ጆሮ ጠጋ ብላ «ሩሓ ሳቢ» አለቻት፤ ሴቲቱም ከዘማሪዎቹ ጋራ እኩል ሳበች፤ ጠለቀችም።

በዳር የቆመችው ታታይ «ወረደ» የምትለውን ቃል ያን ቀን አልዘመረችም፤ ከዚያም በኋላ እስክትሞት አልዘመረቻትም። ትንፋሹ ጋ ሲደርስ ግን ደረቷ ከእኅቶቿ ጋራ ከፍ ሲል ታየ።

ማር ባርላሃ ከመጀመሪያው ትንፋሽ ጀምሮ ገብቷቸዋል፤ የተማሩ ሰው ነበሩና፣ ትንፋሽ በቋንቋችን ማን እንደምትባል ያውቃሉ። ዘቢና ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ ሴቶቹ እንደገና ቀለዱብን፤ ላስቁማቸው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ጳጳሱ እጃቸውን ወደ ውኃው እንደ ዘረጉ፣ «ቃል አላስገቡም። ስለ መተንፈስ ሰው የሚከሰስበት ቀኖና አልተማርኩም» አሉት። በሦስተኛው ቤት ላይ ትንፋሹ እስኪያልፍ ቆመው ሲጠብቁ የቅርብ ሰዎች አይተዋል። የተጠመቁት ሴቶች ሁሉ ነጭ ልብስ ለብሰው ሲወጡ ሸልማት በገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ እናቷንም በስሟ ጠርታ አለቀሰች።

እንግዲህ የከተማችን መጽሐፍ ስለዚያ ዓመት የሚለው ይህ ነው፤ ወንዙ ሞላ፤ ብፁዕ ማር ባርላሃ መዝሙራቱን አረሙ። ሁለቱም እውነት ነው። የሸልማት ስም የለበትም፤ የወፍጮ ቤቷም ሴት የለችበትም። ጸሓፊዎቹ አሮጌዋን ቃል ከብራናው ላይ በቢላዋ ፍቀው አዲሱን ስለ ጻፉበት፣ ዛሬ መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው «ወረደ» የሚለውን ብቻ ያነባል፤ ከርሱም ቀጥሎ ጥቂት ባዶ ብራና አለ፤ ትንፋሽ የሚጻፍበት ፊደል አልተገኘለትምና።

ዲያቆናዊቶቹ ከጊዜ በኋላ ቀሩ፤ አዋቂ ሴት የምትጠመቅበት ዘመን ሲያልፍ ከመጋረጃው ጀርባ የሚፈልጋቸው ታጣ። የኪዳን ሴቶች ግን በቤት ሩማና አሁንም ይዘምራሉ፤ በዚያ ቦታ ላይም ይስባሉ። ለምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ አንዳንዶቹ ጕሮሮ ለማሳረፍ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ጥንት አንዲት ደረቷን የሚያማት አለቃ ነበረችና ከርሷ የቀረ ልማድ ነው ይላሉ። አዲስ ልጅ ስትገባ ታላላቆቿ እጇን ደረቷ ላይ አድርገው፣ እዚህ ጋ ሳቢ፣ አትቸኵዪ፣ ሁላችንን ጠብቂ ይሏታል። ምክንያቱን አይነግሯትም፤ አያውቁትምና። ልጅቱም ደረቷን ሞልታ ትስባለች፤ ከዚያም መንፈስ የሚለውን ቃል ታነሣለች።